የጉና አፈርና የጣና ሐይቅ

በገሳይ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር



ከገሳይ ቆመን ስናይ ጣና ሩቅ ይመስላል። ሆኖም ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ መድረሻቸው ጣና ነው። በክረምት ደፍርሰው የሚወርዱትም የማሳችንን አፈር ተሸክመው ነው።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ በየስብሰባው ብዙ ይነገራል፤ ብዙ ጊዜም ሰሚውን ተስፋ ያስቆርጣል። የዓለምን ሙቀት ከገሳይ ሆነን አናስቆምም። ነገር ግን ሙቀቱ ሐይቁን የሚያገኘው አስቀድሞ በደለል ተዳክሞ ነው። በውቅያኖስም እንዲሁ ነው፤ ውኃው ሲሞቅ ኮራል ይነጣል፤ ከየብስ የሚወርድ ደለልና ፍሳሽ ሲጨመርበት ደግሞ የማገገም አቅሙ ይደክማል።

ጣና በጥልቁ ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ገደማ አይበልጥም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በዳርቻው የታየው እምቦጭ የሚፋፋው ከማሳ ታጥቦ በሚገባው ለምነት ነው። በሌላ ስፍራ የማይገኙ የጣና ዓሦችም በክረምት ወደ ወንዞቻችን ወጥተው በጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ደለል ጠጠሩን ሲሸፍነው እንቁላሉ ይታፈናል። ደለልን መቀነስ ግን በእጃችን ነው።

በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አድባራት ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ደናቸውን በካብ አጥረዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደከሙበት ሥራ ነው። ከብት ካልገባ የወይራውና የጽዱ ችግኝ ሳይረገጥ ያድጋል፤ ገበሬውም ማሳው ከድንጋይ ይጸዳለታል።

ሁለት ነገር ግን ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። የመጀመሪያው ባሕር ዛፍ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያና ለአገልጋዮች ድጎማ ገቢ እንደሚያስገኝ እናውቃለን፤ ይሁንና በነባሩ ደን ውስጥና በምንጭ ራስ ላይ ባይተከል እንመርጣለን። ሁለተኛው ግጦሽ ነው። ካቡ ሲዘጋ በቅድሚያ የሚጎዱት አንዲት ላም ያላቸው እናቶች ናቸው፤ ባለ ብዙ ከብቱማ ሌላ መሰማሪያ አያጣም። ስለዚህ በካቡ ውስጥ የሚበቅለው ሣር ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት ለእነርሱ ድርሻ ተለይቶ ታጭዶ ይሰጥ። ይህ በቃለ ጉባኤ ካልሰፈረ ካቡ በሌሊት ይፈርሳል፤ አፍራሾቹንም መውቀስ አይቻለንም።

የካቡ ወሰንና የሣሩ ድርሻ ክረምቱ ሳይገባ በየአጥቢያችሁ እንዲወሰን እንጠይቃለን። ስለ ሣሩ በሚደረገው ውይይት ላይም እነዚያ እናቶች ይጠሩ።