ዳኞች ይወስኑ ወይስ እንደራሴዎች?



ሕዝብን ለሁለት በሚከፍል ነገር ላይ የሚወስነው ፍርድ ቤት ይሁን ወይስ የእንደራሴዎች ምክር ቤት የሚለው ጥያቄ ለክርክር ሲሰጠን፤ ዕጣው የደረሰን ለዳኞቹ እንድንቆም ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለንም ነበር። ሕዝብ ያልመረጣቸው ጥቂት ሰዎች ለሚሊዮኖች ሲወስኑ ማን ደስ ይለዋል? የአገራችንም ሕገ መንግሥት፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው፤ የመተርጐሙን ሥልጣን የሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ለፍርድ ቤት አይደለም። ሐሳባችንን ያስለወጠን የተማሪዎች ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ፤ በቨርጂንያ ግዛት፤ በፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ለጥቁሮች ብቻ የተሠራው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 180 ተማሪዎች እንዲይዝ ታስቦ ሳለ ከ450 በላይ ታጭቀውበት ነበር፤ የተረፉትም ሬንጅ በተቀባ ወረቀት በተሸፈነ ዳስ ውስጥ ይማሩ ነበር። በ1951 ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ተማሪ ጓደኞቿን አስተባብራ ትምህርት አቆሙ። አቤቱታቸው ክስ ሆኖ ከሌሎች መሰል ክሶች ጋር ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ1954 ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ድምፅ፤ ልጆችን በቀለማቸው ለይቶ ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብለው ፈረዱ።

ተከራካሪዎቻችን «ምክር ቤቱን ለምን አልጠበቁም?» ይሉናል። የትኛውን ምክር ቤት? በደቡቡ ክፍል ብዙዎቹ ጥቁሮች በልዩ ልዩ ዘዴ ድምፅ እንዳይሰጡ ተከልክለው ነበር። እነዚህን ሰዎች ወደ ተመራጮቹ ሂዱ ማለት ይግባኙን ለበዳዩ አቅርቡ ማለት ነው። በዚያው አውራጃ የተመረጡት ሹማምንት እኮ በ1959፤ ነጭና ጥቁር ልጅ በአንድ ክፍል ከሚቀመጥ ብለው ለትምህርት ቤቶቹ ገንዘብ ከለከሉ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹም ሁሉ ተዘጉ። ለነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መካድ አንችልም። ዳኛ ገንዘብም ወታደርም የለውም። ከፍርዱ አሥር ዓመት ያህል ቈይቶ እንኳ፤ በደቡቡ ክፍል ከነጮች ጋር የሚማሩት ጥቁር ልጆች ከመቶው ሁለት አይሞሉም ነበር። ነገሩ የተፋጠነው የአሜሪካ ምክር ቤት በ1964፤ ለያይቶ የሚያስተምር ሁሉ የፌዴራል ገንዘብ ይቋረጥበት የሚል ሕግ ካወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ሥራውን ወደፊት የገፋው ምክር ቤቱ ነው ቢሉን እንስማማለን፤ ማን እንዳስጀመረው ግን ይንገሩን።

የፕሪንስ ኤድዋርድ ትምህርት ቤቶች በ1964 የተከፈቱት እንደ ገና በጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ሲዘጉ የ12 ዓመት ልጅ የነበረ ያን ጊዜ 17 ሞልቶት ነበር።