ስለ ስልክ ሽቦ ማርጀትና ስለ ኢንተርኔት መቆራረጥ የተሰጠ ትምህርት



አቃቂ መልእክትን ወደ ሩቅ ከማስተላለፍ ሥራ ጋራ የቆየ ዝምድና ያለው አገር ነው። በ1927 ዓ.ም. የአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ተመርቆ ኢትዮጵያ ከውጭ አገር ጋራ የምትነጋገርበት ሆኖ ነበር። በአሁኑም ዘመን በአቃቂ ቃሊቲ የመዳብ የስልክ ሽቦ በገባበት ቤት ዲኤስኤል የሚባለው ኢንተርኔት በዚያው ሽቦ ይመጣል። ነገር ግን መሥመሩ ሲቆራረጥ ተማሪው ትምህርቱን ያጣል፤ የቤቱም ጌታ ምክንያቱን ስላላወቀ ደኅናውን ሞደም ጥሎ አዲስ ይገዛል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መመርመር ይገባል።

በአንድ ጥንድ ሽቦ ሁለት ዓይነት መልእክት ይሄዳል። የሰው ድምፅ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች በሆነ ሞገድ ይጓዛል፤ ኢንተርኔቱ ግን ከ25 ኪሎኸርዝ በላይ ጀምሮ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሁለቱን የሚለየው ስፕሊተር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው። እርሱ ከሌለ ወይም ከተበላሸ፥ ስልክ በተነሣ ጊዜ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። ከፍተኛውም ሞገድ በርቀትና በመጥፎ መጋጠሚያ ቶሎ ይደክማል። እንግዲህ ስልኩ ስለ ተናገረ ብቻ ሽቦው ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

የአቃቂ ጥቁር መረሬ መሬት በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የተቀበረውንም ሽቦ ይጎትታል። መጋጠሚያው በላላ ጊዜ ውኃ ይገባና መዳቡ ይዝጋል። በዝናብ ወራት ስልክ የሚንኮሻኮሽበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ምርመራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የሞደሙ የዲኤስኤል መብራት ይታያል። ኢንተርኔቱ በጠፋ ጊዜ መብራቱ ሳይናወጥ ከበራ፥ ጥፋቱ ከሽቦው ላይሆን ይችላል፤ መብራቱ ከጠፋ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ግን መሥመሩ ይጠረጠራል።

ሁለተኛ፥ በቤት ያሉት ስልኮችና ቅጥያ ሽቦዎች ሁሉ ተነቅለው፥ ሞደሙ ብቻውን ሽቦው ወደ ቤት በሚገባበት በመጀመሪያው ሣጥን ላይ ይሰካል። በዚህ አኳኋን ለጥቂት ቀን ካልተቋረጠ ጥፋቱ በቤት ውስጥ ባለው ሽቦ ወይም በተነቀሉት ስልኮች ነው ተብሎ ይገመታል። ከተቋረጠ ግን ከጎረቤት ሞደም ከነመሰኪያው ተውሶ መሞከር ነው፤ እርሱም ከተቋረጠ ጥፋቱ ከደጅ ነው ተብሎ ይገመታል።

ሦስተኛ፥ ጥፋቱ በቤት ውስጥ ከሆነ፥ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለው መጋጠሚያ ይታደሳል። የማይሠራበትም ቅጥያ ከሥሩ ይቆረጣል፤ ሞገዱ እስከ ጫፉ ሄዶ እየተመለሰ ዋናውን መልእክት ያውካልና። አዲስ የሚዘረጋው ሽቦ ጥንዱ እርስ በርሱ የተገመደ ይሁን፤ እንዲህ ያለው ከውጭ የሚመጣውን ሁከት ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስልክ በሚጠራበት ጊዜ በሽቦው ውስጥ ወደ 90 ቮልት የሚደርስ ኃይል ያልፋል፤ ነጐድጓድ ባለ ጊዜም ሽቦውን መንካት ለሞት ያደርሳል። የምሰሶውንና የደጁን ሣጥን የሚከፍት የቴሌ ሠራተኛ ብቻ ነው።

መምህሩ ተማሪዎቹን የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት፥ ዝናብ መኖሩን፥ የመብራቱንም ሁኔታ በደብተር እንዲጽፉ ቢያዛቸው ሁለት ጥቅም ይገኛል። ልጆቹ ከመፍረድ በፊት መመርመርን ይለምዳሉ፤ ሠራተኛውም ሲመጣ «ኢንተርኔት እምቢ አለ» ከሚል አቤቱታ ይልቅ በማስረጃ የተደገፈ ነገር ያገኛል።