እንሰትን ከአጠውልግ በሽታ መጠበቅ ረሃብን ከሩቁ መከላከል ነው



ድርቅ በተነሣ ቁጥር የምንነጋገረው ስለ እርዳታ እህል፣ ስለ ማመላለሻ መኪና፣ ስለ መጠለያና ስለ ሰፈራ ነው። የተራበ ሰው ነገ እስኪባል አይቆይምና ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ረሃብን ለማስታገስ የሚደረገው ጥረት ረሃቡ ከመድረሱ በፊት ሊደረግ ከሚገባው ጥረት ጋር ካልተያያዘ ሥራው ሁልጊዜ ከኋላ እንደ መሮጥ ይሆናል። እኔ የእርሻ ሊቅ ወይም ሐኪም አይደለሁም፤ የማስታወቂያ ሠራተኛ ነኝ። የሥራዬም ድርሻ ተመራማሪዎች የደረሱበትን ዕውቀት ገበሬውና የከተማው ነዋሪ በሚሰማው ቋንቋ ማድረስ ነው። ዛሬም የምናገረው በየጓሯችን ቆሞ ስለምናየው ስለ እንሰት፣ እሱንም ስለሚያጠፋው በሽታ ይሆናል።

እንደሚታወቀው የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመው የወሎው ረሃብ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1966 ዓ.ም. ነበር። በስሙና በአደረጃጀቱ እየተለዋወጠም ሥራው ለዛሬው የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ደርሷል። በ1977 ዓ.ም. ከባድ ድርቅ በደረሰ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አገራችን ተጓጉዞ እንዲሰፍር ተደርጓል። ከዚያ መካከል ወዶ የሄደ ነበር፤ ሳይወድ የተወሰደም ብዙ ነበር። ሰው ከተወለደበት ቀዬ ሲነቀል የሚያጣው መሬቱን ብቻ አይደለም፤ የአዝመራውን ጊዜ፣ የዘሩን ዓይነት፣ የጎረቤቱን ደቦና የአባቶቹን መቃብር ጭምር ነው። በዚያው ዘመን እንሰት ዋና ምግቡ የሆነው የጉራጌ ደጋና ወይና ደጋ በሰሜኑ ክፍል የደረሰውን ዓይነት እልቂት አላየም። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን እንሰቱ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው በጉዳዩ ላይ የጻፉ ተመራማሪዎች ይስማሙበታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመ የምርምር ጽሑፍም እንሰትን «ረሃብን የሚከላከል ዛፍ» ብሎ ሰይሞታል።

እንሰት ድርቅን እንዴት እንደሚቋቋም ማወቅ ይጠቅማል። ጤፍም ሆነ በቆሎ ዝናቡ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ከተዛነፈበት የዓመት ድካም ከንቱ ይቀራል። እንሰት ግን ውሃውንና ምግቡን በግንዱና ከመሬት በታች ባለው አሚቾው ውስጥ ስለሚያከማች አንድ ክረምት ቢጎድልበት ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ ፈጥኖ አይሞትም። የአጨዳ ወር የለውም፤ ቤተሰቡ በቸገረው ጊዜ ይቆርጠዋል። የተፋቀው ምርትም በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ ቆጮ ሲሆን ወራት፣ ከዚያም አልፎ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ በጓሮ የቆመው እንሰት ሳይወቃ የቆመ ጎተራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአገራችን ሃያ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ላይ የተመሠረተ መሆኑ ይገመታል።

ሆኖም የዚህ ጎተራ ጥንካሬ ድክመቱንም ይዟል። አንድ እንሰት ለመድረስ እንደ አየሩና እንደ አያያዙ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። እህል የጠፋበት ገበሬ ዘር ካገኘ በሚመጣው ክረምት ይዘራል፤ እንሰቱ የጠፋበት ቤተሰብ ግን ዛሬ ቢተክል የሚበላው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህም የእንሰት በሽታ በቀስታ የሚመጣ፣ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ረሃብ ማለት ነው።

ከበሽታዎቹ ሁሉ የከፋው በተለምዶ አጠውልግ የሚባለው ነው። የበሽታውን ምክንያት በሳይንስ መንገድ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም ያስታወቁት ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉና እንግሊዛዊው ብራድበሪ ናቸው። መንሥኤው በዓይን የማትታይ ባክቴርያ ስትሆን ሳይንሳዊ ስሟ ዛንቶሞናስ ይባላል። እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ያችው ባክቴርያ ሙዝንም እንደምታጠቃ ገለጡ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በሽታው በኡጋንዳና በኮንጎ የሙዝ ማሳዎች ታይቶ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ብዙ ጉዳት አድርሷል። ጓሯችን ውስጥ የምናየው ችግር እንግዲህ የጎረቤት አገሮችም ችግር ሆኗል ማለት ነው።

ምልክቱን ለይቶ ማወቅ የሁላችንም ግዴታ ነው። በመጀመሪያ ከመካከል የሚወጣው ለጋ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፣ ጫፉም ይታጠፋል። ቀጥሎ ሌሎቹ ቅጠሎች ይከተላሉ፤ በመጨረሻም እንሰቱ በሙሉ ደርቆ ይበሰብሳል። የውሃ ጥምም ቅጠልን ስለሚያጠወልግ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የቅጠሉ እጀታ ወይም ግንዱ ተቆርጦ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ነጣ ያለ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ዝልግልግ ፈሳሽ ካዠ በሽታው አጠውልግ መሆኑን ያመለክታል። በድርቅ ብቻ የጠወለገው ይህ ፈሳሽ አይወጣውም።

በሽታው የሚተላለፈው በምን መንገድ ነው? ዋነኛው መንገድ ስለት ነው። የታመመውን እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ወይም ገጀራ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲነካ ባክቴርያዋን በቁስሉ ውስጥ ያስገባል። ከታመመ እናት እንሰት የተወሰደ ችግኝም በሽታውን ይዞ ይሄዳል። የታመመውን የሚግጡ ከብቶች፣ እንደ ጃርትና ፍልፈል ያሉ አራዊት፣ አበባ ላይ የሚያርፉ ነፍሳትም ያዛምቱታል። ለዚህ በሽታ እስከ ዛሬ ተረጭቶ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ሙሉ በሙሉ የማይታመም የእንሰት ዝርያም አልታወቀም። ይሁን እንጂ በአረካ የእርሻ ምርምር ማዕከልና በሌሎችም ተቋማት በተደረገው ማነጻጸር እንደ መዚያ ያሉ ዝርያዎች ከሌሎቹ የተሻለ የመቋቋም ኃይል አሳይተዋል። ስለሆነም በአንድ ጓሮ ብዙ ዓይነት ዝርያ ቀላቅሎ መትከል፣ አባቶች እንደ ጓርየና አስታራ ያሉትን ለስብራት መጠገኛ ጭምር ብለው ለይተው ያቆዩበት ልማድ፣ ባህል ብቻ ሳይሆን ጥበብም ነው። አንዱ ቢታመም ሌላው ይተርፋልና።

መድኃኒት የለውም ማለት መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። ተመራማሪዎች ደጋግመው ያረጋገጧቸው ሥራዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ማንኛውም የእንሰት ስለት ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው፣ በተለይም ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት በእሳት ነበልባል ተለብልቦ ወይም በውሃ በተበረዘ በረኪና ታጥቦ ይጽዳ።

ሁለተኛ፣ የታመመው እንሰት እንደታወቀ ሥሩ ሳይቀር ተነቅሎ፣ ተከትክቶ ከማሳው ራቅ ባለ ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። በጅረት ወይም በመንገድ ዳር አይጣል።

ሦስተኛ፣ የተነቀለበት ቦታ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንሰትም ሆነ ሙዝ አይተከልበት፤ ጎመን፣ ባቄላ ወይም ሌላ ሰብል ይዘራበት።

አራተኛ፣ ችግኝ የሚገዛ ሰው ከየት ማሳ እንደመጣ ይጠይቅ፤ የሚሸጥም ሰው በሽታ ከታየበት ጓሮ አይሽጥ።

አምስተኛ፣ ከብት የታመመ እንሰት ወዳለበት ጓሮ እንዳይገባ አጥሩ ይጠበቅ።

እዚህ ላይ ለብቻው ሊነገር የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። በጉራጌ ልማድ ችግኙን የሚያፈላውና የሚተክለው በአብዛኛው ወንዱ ነው፤ እንሰቱን የምትቆርጠው፣ የምትፍቀውና ቆጮውን የምትቀብረው ግን ሴቷ ናት። እንግዲህ ቢላዋው ያለው በእናቶች እጅ ነው። ነገር ግን ስለ በሽታው ትምህርት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ተጠርተው የሚመጡት የቤቱ አባወራዎች ናቸው። ቢላዋውን የያዘችው ሳትሰማ ቢላዋው ሊጸዳ እንዴት ይችላል? እናቶች ለመፋቅ ሲሰበሰቡ እያንዳንዷ የራሷን ስለት ይዛ ከጎረቤት ጓሮ ትሄዳለች። ይህ መረዳዳት የተከበረ ባህል ነው፤ እንዲቀርም አንመክርም። ሆኖም በዚያ ቡድን መካከል አንድ የእሳት ምድጃ ቢኖርና ስለቱ ሁሉ በእሱ ላይ ቢያልፍ ደጉ ባህል የበሽታ መንገድ መሆኑ ይቀራል። ለመስቀል በዓል ብዙ እንሰት የሚቆረጥበት ወቅት ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ከሁልጊዜው ይበልጥ የሚያስፈልግበት ነው።

ጉዳዩ የገጠር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ የከተማ ነዋሪ ቢኖር ተሳስቷል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በየግቢው እንሰት ይታያል። በገበያ ቀን ከገጠር የሚገባው ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ዳቦውም በዚያው ቅጠል ይጋገራል። በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ነገር ግን ከታመመ እንሰት የተቆረጠ ቅጠል አገልግሎቱን ሲጨርስ በጓሮው እንሰት ሥር ከተጣለ በሽታውን ወደ ከተማ አስገባን ማለት ነው። ስለዚህ የቅጠል ጥራጊው ለብቻው ተጠራቅሞ እንዲቃጠል ወይም እንዲቀበር የከተማ ጽዳት ሠራተኞችና የገበያ አስተባባሪዎች ቢተባበሩ ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

በቡታጅራ አካባቢ የተሠራ አንድ የጤና ምርምርም ለዚህ ጉዳይ ትምህርት ይሰጠናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን አቋቁሞ፣ በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሚኖረውን ሠላሳ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ቤት ለቤት መዘገበ። ከዚያም ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለው በየጊዜው ይጻፍ ጀመር። ሕፃናት በብዛት የሚሞቱት በተቅማጥና በሳንባ ምች መሆኑ በግምት ሳይሆን በቁጥር የታወቀው በዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት የተሞላ ሥራ ነው። በዚያው አካባቢ በኋላ የተደረገ ጥናት በማገዶ ጭስ በተሞሉ ቤቶች ውስጥ የተለካ አንድ ጎጂ ጋዝ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን በእጥፍ የሚበልጥ መሆኑን አሳይቷል። የሰው ሕመምና ሞት ቤት ለቤት ሊመዘገብ ከቻለ የእንሰት ሕመም የማይመዘገብበት ምክንያት የለም። በየጎጡ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ወጣት በየወሩ በስንት ጓሮ ስንት እንሰት እንደጠወለገ ቢጽፍ፣ በሽታው በየት በኩል እንደሚጓዝ ባለሙያው ቀድሞ ያውቃል። ዛሬ ብዙ ሰው የታመመ እንሰቱን ጎረቤት እንዳያይበት ይደብቃል። የተደበቀ በሽታ ግን የሚጠቅመው በሽታውን ብቻ ነው።

ስለ ምግቡም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ተመራማሪው ብርሃኑ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ የተለያዩ ጠቃሚ ባክቴርያዎች በየተራ እየሠሩ ኮምጣጣነቱን እንደሚያሳድጉ አስረድተዋል። ቆጮውን ሳይበላሽ የሚያቆየው ይህ ኮምጣጣነት ነው። እንግዲህ እናቶቻችን በልምድ የያዙት ሥራ በቤተ ሙከራም ተመስክሮለታል። በቅርብ ዓመታትም የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የመፋቂያና የመጭመቂያ መሣሪያዎችንና የተሻሻለ የማብላያ ዘዴ አቅርቧል፤ በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ስለ እንሰትና ስለ ቆጮ የሚመራመሩ መምህራን አሉ። ይሁን እንጂ ቆጮ ኃይል ሰጪ ምግብ ነው እንጂ ሰውነት ገንቢው ንጥረ ነገር በጣም ያንሰዋል። ስለዚህ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ከጎመን፣ ከአይብ፣ ከባቄላና ከመሳሰሉት ጋር መቅረብ አለበት። ሆድ መሙላትና መመገብ አንድ አይደሉም።

እንሰቱ የታመመበት ገበሬ ተስፋ ቆርጦ ጓሮውን በጫት ወይም በባሕር ዛፍ ሲተካ እናያለን። ጫትና ባሕር ዛፍ ገንዘብ ያስገኛሉ፤ ገበሬውም ገንዘብ ያስፈልገዋልና አይወቀስም። ነገር ግን በድርቅ ዓመት የእህል ዋጋ ሲንር በጫት ገንዘብ የሚገዛው እህል ያንሳል። በጉድጓድ ያለ ቆጮ ግን ዋጋው ገበያ ላይ አይወጣም፤ ቤተሰቡ ይበላዋል።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፤

የጉራጌ ሕዝብ የጋራ ሥራን ከማንም መማር አያስፈልገውም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘባቸውን አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት ማቋቋማቸውና ገጠሩን ከከተማ ማገናኘታቸው የታወቀ ነው። በየመንደሩ የሚታየው ሰፊው ጀፎሮም ማንም ብቻውን የማይነካው፣ ሁሉም የሚጠብቀው የጋራ ቦታ ነው። የእንሰት ጤንነትም እንደ ጀፎሮው ነው፤ አንዱ ጠብቆ ጎረቤቱ ቸል ቢል አይጠበቅም። ባለሙያው ምክሩን፣ ተመራማሪው የተሻለ ዝርያውን፣ አስተዳደሩም ድጋፉን ሊያቀርብ ይገባዋል። የሚቆርጠውን ስለት በእሳት ላይ ማሳለፍ ግን በጀትም መመሪያም አይጠብቅም፤ ዛሬ ማታ በየቤታችን ሊጀመር ይችላል። ዛሬ የዳነው እንሰት ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ዝናብ ቢቀር አንድ ቤተሰብ በእርዳታ ሰልፍ እንዳይቆም፣ ከቀዬውም እንዳይነቀል ያደርጋል።