ለአነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ የወጥ ቤት ዕቃ ስለ መምረጥ
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር



ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ 387 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ጥቂት አለፍ ብሎ ማንኩሳን፣ ቀጥሎም ቡሬን ያገኛል፤ ከቡሬ አንዱ መንገድ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወርዳል። በዚህ መሥመር የሚያድረው እንግዳ ዐይነቱ ብዙ ነው። የበርበሬና የበቆሎ ነጋዴ አለ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ የሚመጣ ሠራተኛ አለ፤ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ከአዲስ አበባ፣ አልፎም ከአሜሪካ፣ ወደ ትውልድ ስፍራው የሚመለስ ቤተ ሰብ አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ ማንኩሳን በዐይኑ ለማየት የሚጓጓም አይታጣም። ለእነዚህ እንግዶች ሦስት ወይም አራት ክፍል አሰናድቶ፣ ምግባቸውንም ራሳቸው እንዲሠሩ ወጥ ቤት ጨምሮ የሚያከራይ ሰው፣ ቤቱን ቀለም ቀብቶ ሲጨርስ የሚገጥመው ጥያቄ ወጥ ቤቱን በምን ዕቃ እንደሚያደራጅ ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የደረሰው ግጭት የመንገደኛውን ጉዞ አስተጓጉሏል፤ በእንግዳ ቁጥር ተማምኖ ገንዘብ ማፍሰስም አስቸጋሪ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥግ ይዞ አቧራ የሚለብስ ማሽን የታሰረ ገንዘብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ዕቃ መምረጥ የሚጀምረው ከሱቅ መደርደሪያ ነው። ማቀዝቀዣው፣ ማይክሮዌቩ፣ የጁስ መፍጫው አስቀድመው ይገዛሉ፤ የእንጀራ ምጣድ ነገር በመጨረሻ ይታሰባል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ ይኖርበታል። በወጥ ቤቱ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ሌሎቹን የሚያዘው ምጣዱ ነውና።

የተለመደው የቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኀይል ይስባል። በ220 ቮልት መሥመር ላይ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ማለት 16 አምፒር ያህል ነው፤ ይህም አንድ ደኅና ሶኬት ሊሸከም ከሚችለው የመጨረሻ ልክ ነው። ምጣዱ እንደ ተሰካ አንዱ እንግዳ 2 ኪሎ ዋት የሚስብ የውሃ ማፍያ ቢሰካ፣ ሌላውም 1 ኪሎ ዋት ተኩል የሚስብ ምድጃ ቢያበራ፣ ድምሩ 7 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ከ30 አምፒር በላይ ይሆናል። ቤቱ በቀጭን ሽቦ የተዘረጋ እንደሆነ ማቋረጫው ይወርዳል። ባለቤቱም እንግዶች በተደጋጋሚ ሲያማርሩበት ማቋረጫውን በትልቅ ያስለውጣል። ከዚያ ወዲያ ማቋረጫው አይወርድም፤ ሽቦው ግን በግድግዳ ውስጥ ይግላል። በቤት ላይ የሚደርስ ቃጠሎ አንዱ መነሻ ይህ መሆኑን የሚያስረዳ ሰው ባለቤቱ አስቀድሞ ቢያገኝ መልካም ነበር። ስለዚህ ለምጣዱ ብቻ ከቆጣሪው አጠገብ የሚነሣ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦና የራሱ ማቋረጫ ያለው መሥመር ማስዘርጋት ያስፈልጋል። የመሬት ገመዱም መዘንጋት የለበትም፤ ጋጋሪዋ በሊጥ የራሰ እጅ ይዛ የምትሠራበት ዕቃ ነው። ለዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ ከማይክሮዌቩ በፊት ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ። ከመሥመሩ ጫፍ ባለ ቤት፣ ሁሉም በሚያበራበት የምሽት ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል። የምጣድ ሙቀት ደግሞ የሚቀንሰው ከቮልቴጁ ጋር እኩል ሳይሆን ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ነው። 220 የነበረው ወደ 180 ቮልት ሲወርድ የምጣዱ ኀይል ሲሶውን ያጣል፤ 3 ኪሎ ዋት ተኩል የተባለው ከ2 ኪሎ ዋት ተኩል በታች ይሆናል። እንጀራው ዐይን አያወጣም። ወቀሳው ግን በጋጋሪዋ ወይም በእርሾው ላይ ያርፋል! መፍትሔው ጭነት በማይበዛበት በረፋዱ መጋገር ነው። ከዚህም ጋር፣ ቀዝቃዛውን ምጣድ ለማጋል የሚባክነው ኀይል ለሦስት እንጀራም ለሠላሳ እንጀራም ያው ስለሆነ፣ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር በሳምንት ሁለት ጊዜ አብዝቶ መጋገር ይሻላል። ሁለት ክፍል ብቻ ያለው ቤት ግን ምጣድ ባይገዛ ምንም አይጎድልበት። ከሰፈሩ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት አትጠፋም፤ ከእርሷ ጋር መዋዋል ሽቦ ከማስለወጥ እጅግ ይረክሳል።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ምጣድ ይዞ የሚመጣበት ጊዜም አለ። በዚያ አገር ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚጋግሩበት ክብ የአሉሚኒየም ምጣድ በመሠረቱ ለኖርዌጂያኖች ሌፍሰ ለተባለው ስስ ቂጣ የተሠራ ነው፤ እኛ አገር ልጆች ለእንጀራ ማዋላቸው የሚደነቅ ብልኀት ነው። ዕቃው ግን የተሠራው ለ120 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ በ220 ቢሰካ ከታሰበለት ኀይል ከሦስት እጥፍ በላይ ስቦ ወዲያውኑ ይቃጠላል። ቮልቴጁን የሚያወርደው ትራንስፎርመር ከባድና ውድ ነው። በምስጋና ተቀብሎ ለሰጪው መልሶ ማስያዝ ይበጃል።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ መብራት ይጠፋል ብሎ ማሰብ ለአንዳንድ ሰው ያለፈ ወሬ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በየሰፈሩ መብራት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በምንጩ ማነስ ሳይሆን ምሰሶ ሲወድቅ ወይም ትራንስፎርመር ሲቃጠል ነው። በመሆኑም መብራት በሌለበት ዕለት ቤቱ ምን እንደሚያበላ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራውና ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚቀረጸው «ምርት» ምድጃ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ ማገዶን በግማሽ ያህል ይቆጥባል። በጓሮ ማድ ቤት አንድ ቢተከል ዋጋው ከባድ አይደለም። ለወጥ ደግሞ አንድ ቡታጋዝ፣ ወይም ላቀች የከሰል ምድጃ ይበቃል፤ ከሰሉም ከአጎራባቹ አዊ፣ ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ዛፍ፣ ይገኛል።

በሱቆች የሚወደሰው የኢንዳክሽን ምድጃ ንጹሕና ፈጣን ነው። ይሁን እንጂ ብረት ነክ ዕቃ ካልሆነ አያሞቅም። የሽሮው ሸክላ፣ ጀበናው፣ በየቤቱ ያለው የአሉሚኒየም ድስት ሁሉ ከላዩ ቀዝቅዞ ይቀመጣል። እንግዳውም ምድጃው ተበላሽቷል ብሎ ባለቤቱን ይጠራል።

ክዳኑ ጥብቅ ሆኖ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ግን በዚህ አገር ቢገዛ አያስቆጭም። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ውሃ በእነዚህ ከተሞች የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ወይም በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽንብራና ባቄላ ሲፈላ ውሎ አልበስል የሚለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በተዘጋው ድስት ውስጥ ግን ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ በከሰልም፣ በቡታጋዝም፣ በኤሌክትሪክም ይሠራል። ለዶሮ ወጥ አይሆንም እንጂ! ቁሌቱ ክፍት ድስትና ትዕግሥት ይፈልጋል።

ማቀዝቀዣ ትንሽ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ የገና ጾምና ሌሎቹ ሲደመሩ ምእመኑ ከዓመቱ ግማሽ የሚሆነውን ይጾማል፤ በእነዚያ ቀናት ሥጋም ወተትም በወጥ ቤቱ አይገኙም። በፍስክም ቢሆን ሥጋ የሚገዛው ለዕለቱ ነው። ትልቁ ፍሪዘር ስለዚህ ባዶውን ሲያጉረመርም ይከርማል። ማቀዝቀዣው ግን ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ሞተሩ ስለሚጎዳ በስታቢላይዘር በኩል ይሰካ። በትልቁና በትንሹ ማቀዝቀዣ መካከል በሚተርፈው ገንዘብ ሁለተኛ የድስት፣ የቢላዋና የመክተፊያ ስብስብ ይገዛ፤ ቅቤ የነካው ድስት የቀረበለት ጾመኛ እንግዳ ምግቡን ትቶ ይነሣል፤ ዳግመኛም አይመለስ።

ስለ ቡና ማሽን ብዙ መናገር አያሻም። ማኪያቶ የሚፈልግ እንግዳ ከተማው ውስጥ ያገኛል። ለቤቱ ሁለት ጀበና፣ አንድ የቡና መቁያ ብረት ምጣድ፣ ሙቀጫና ከነዘነዘናው፣ ረከቦትና ሲኒ ይበቃሉ። የከሰል ማንደጃው ግን ወደ ክፍሎቹ መስኮት በማይነፍስበት በኩል፣ ዝናብ በማያገኘው ጣሪያ ሥር፣ ቦታ ይሠራለት፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ እንዳይቀጣጠልም ለእንግዳው በቃልም በጽሑፍም ይነገረው።