የጥርስ ስር ህክምና፦ ከመጀመራችን በፊት ማወቅ ያለብን

(በማህበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ከሂሳብ ክፍል የመጣነው እንደ ወትሮው የቁጠባና የብድር ሪፖርት ለማንበብ አይደለም። ስለ ጥርስ ልንነጋገር ነው። ለድንገተኛ ችግር በሚቀርቡልን የብድር ማመልከቻዎች ላይ የጥርስ ሕመም ደጋግሞ ይመጣል። የምንጠይቀው ግን ብዙውን ጊዜ ለማስነቀያ ነው፤ አለዚያም ህክምናውን ለመጀመሪያ። ለማስጨረሻ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ነገር ግን ገንዘባችንም ጥርሳችንም በአንድ ላይ የሚጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ ጠይቀን የተረዳነውን እናካፍላችሁ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 3.5 ቢሊዮን ያህል ሰዎች የአፍና የጥርስ ሕመም እንዳለባቸው ገልጿል።

ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ውስጡ ግን ደም ሥርና ነርቭ ያለው ለስላሳ ሥጋ አለ። ጥርስ ሲቦረቦር ቀዳዳው ቀስ በቀስ ወደዚያ ሥጋ ይዘልቃል። ያን ጊዜ ትኩስ ቡና ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ሕመሙ ቶሎ አይለቅም፤ ሌሊት ይቀሰቅሳል፤ ጆሮና ራስ ድረስ ይጠዘጥዛል። ከዚያ አንድ ቀን ዝም ይላል። «ተመስገን፣ ተሻለኝ» ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ብዙ ጊዜ ግን አልተሻለንም፤ ነርቩ ሞቶ ነው። ተሕዋስያኑ ወደ ሥሩ ጫፍ ወርደው ሳናውቀው መግል ይቋጥራሉ።

ቅርንፉድ መንከስ ለጊዜው ያደነዝዛል። ነጭ ሽንኩርት ወይም አረቄ ጥርሱ ላይ መያዝ ድድን ሊያቃጥል ይችላል እንጂ አያድንም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝተን የምንውጠው አሞክሲሲሊንም እንደዚያው ነው። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይዘዋወርም። እብጠቱን ቢቀንስም ምንጩ እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ይመለሳል።

ምንጩን የሚያጸዳው የጥርስ ስር ህክምና ነው፤ ሩት ካናል የምንለው። ሐኪሙ ራጅ ያነሳል፣ በማደንዘዣ ያደነዝዛል፣ ጥርሱን ከላይ ከፍቶ የታመመውን ወይም የሞተውን ሥጋ ያወጣል። ቀጥሎ በሥሮቹ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ቱቦዎች በጥቃቅን ሞረዶች ይሞርዳል፣ በመድኃኒት ያጥባል። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቱቦ አለው፤ መንጋጋ ሦስት ወይም አራት ሊኖረው ይችላል። የመንጋጋ ህክምና ጊዜም ገንዘብም የሚበላው ለዚህ ነው። በመጨረሻ ቱቦዎቹ ጉታ ፐርቻ በሚባል ነገር ይደፈናሉ። ይህ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ነው። ሥራው በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ ሁለት ሦስት ቀጠሮም ሊወስድ ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ሕመሙ ይታገሳል። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ለምትወርድ እናት አንድ ቀን መቅረት የዚያን ቀን እንጀራ ማጣት ነው፤ ሕመሙ ከለቀቃት ለምን ትመለሳለች? ነገር ግን ቀዳዳው የተከደነው በጊዜያዊ ሙሌት ነው። እሱ ለሳምንታት እንጂ ለወራት አይሠራም። ሲላላ ምራቅና ተሕዋስያን ይገባሉ፤ የተከፈለውም ብር አብሮ ይጠፋል። ቋሚው ሙሌት ካልተደረገ፣ ለመንጋጋም ብዙ ጊዜ መሸፈኛው ክራውን ካልገባ፣ የተቦረቦረው ጥርስ በአንድ የቆሎ ፍሬ ሊሰነጠቅ ይችላል።

«ታዲያ ከመጀመሪያው ማስነቀል አይረክስም?» ትሉን ይሆናል። ለዚያ ቀን አዎ፣ ይረክሳል። ነገር ግን የተነቀለ ጥርስ ቦታው ባዶ ሲሆን ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ማኘክ በአንድ ወገን ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ልትከል ያልን ዕለት ወጪው ከፍ ይላል። ማስነቀል ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ሥሩ ከተሰነጠቀ ወይም ለሙሌት የሚበቃ ጥርስ ካልቀረ። ህክምናውን እስከ መጨረሻው መክፈል ጨርሶ የማንችል ከሆነም ይህን ለሐኪሙ በግልጽ እንንገረው፤ ጀምሮ ከመተው እሱ ይሻላል።

ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦
– ጥርሱ ሊድን ይችላል? ከስንት ቀጠሮ በኋላ ያልቃል?
– ራጁ፣ መድኃኒቱ፣ ቋሚው ሙሌትና ክራውኑ ሁሉም ሲደመር ስንት ነው?
– የጤና መድን መታወቂያ ካለን በጤና ጣቢያ ሪፈር ሄደን የትኛው ይሸፈንልናል?

ነፍሰ ጡር ከሆንን፣ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ በሽታ ካለብን፣ የምንወስደው መድኃኒት ካለም ሳንጠየቅ እንናገር። ከህክምናው በኋላ ጥቂት ቀን ሲነክሱ ማመም የተለመደ ነው። ፊት ወይም አገጭ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ቀጠሮ አንጠብቅ። በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እዚሁ የካ ወዳለው ዳግማዊ ምኒልክ ወይም ወደሚቀርበን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንሂድ። ለሕይወት ያሰጋል።

በመጨረሻ ለስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለጥርስ ህክምና የሚሰጠው ብድር ከእንግዲህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ሒሳብ ሳይሆን በጠቅላላው ሒሳብ ይፈቀድ፤ ገንዘቡም እንደ ቀጠሮው በየደረጃው ይከፈል። አጋሮቻችንም ለጤና የምትሰጡን ድጋፍ እስከ መጨረሻው ቀጠሮ እንዲደርስ ፍቀዱልን። እስከዚያው የወይራ መፋቂያችን አይቅር፣ ማታ ከመተኛታችን በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና እንቦርሽ፣ የጠርሙስ ቆርኪም በጥርስ መክፈት ይብቃን። መቦርቦሩ ገና ትንሽ ሳለ ከሄድን አንድ ሙሌት ይበቃናል።