ከከተማ ወደ ወይን ቦታ፦ አምስት ቀን በአንድ መኪና

(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ ከአንድ አባል የተደረገ ንግግር። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የበዓሉ አዘጋጆች «ስለ ጉዞህ ትንሽ ንገረን» ሲሉኝ አመንትቼ ነበር። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ እንጂ ተናጋሪ አይደለሁም። ሆኖም ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ከእናቴና ከልጄ ጋር ያሳለፍኳቸው አምስት ቀኖች የማኅበራችንንም ሥራ የሚነኩ ስለመሰለኝ እሺ አልኩ።

በዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር ለሽርሽር ብዬ ከሳን ሆዜ ወጥቼ አላውቅም። የእኔ ሥራ ሌላውን ለሽርሽር ማድረስ ነው። ገንዘብ ከተረፈም ወደ አገር ቤት ይላካል፤ የሁላችሁም ኑሮ ስለሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እናቴ አምስት ወር ከእኛ ጋር ተቀምጣ «መስቀልን በቤቴ ነው የምውለው» ስትል ግን ባለቤቴ «እናትህን ከሶፋውና ከቤተ ክርስቲያኑ በቀር ምን አሳየናቸው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እሷ ከሥራዋ ፈቃድ ስላላገኘች ሦስታችን ተነሣን።

ከዚህ የባሰ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነበር። ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በእነዚያ አምስት ወሮች ከአያቱ ጋር «ደህና አደርሽ» እና «ደህና እደሪ» ከመባባል አላለፉም። እሱ አማርኛው ያሳፍረዋል፤ እሷ ልጁ የጠላት ይመስላታል።

የመጀመሪያውን ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ዋልን። በሽቦ ገመድ የሚጎተተውን ባቡር ተሳፈርን፤ በ1937 የተከፈተውን የጎልደን ጌት ድልድይ እስከ መሐሉ በእግራችን ሄድን። ጉሙና ብርዱ የአዲስ አበባን ነሐሴ ያስንቃል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ «ለካ እዚህም ክረምት አለ!» ብላ ደስ አላት። መኪና ውስጥ ግን እሷ ከጎኔ ዳዊቷን ትደግማለች፤ ልጄ ከኋላ ጆሮውን ደፍኖ ሙዚቃውን ይሰማል።

በማግስቱ ወደ ናፓ አመራን፤ ሃምሳ ማይል ያህል ነው። ሸለቆው ሠላሳ ማይል ገደማ ይረዝማል፤ በ29 ቁጥር መንገድ ግራና ቀኙ ወይን ብቻ ነው። በ1976 ፓሪስ ላይ ፈረንሳውያን ቀማሾች ስሙን ሳያዩ ቀምሰው የካሊፎርኒያን ወይን ከራሳቸው አስበልጠው ከፈረዱ ወዲህ ስፍራው በዓለም የታወቀ ሆነ። ከ1876 ጀምሮ ያለውን ቤሪንጀር የተባለውን የወይን ቤትም አየን። ከኋላው ባለው ኮረብታ ውስጥ ለበርሜል ማኖሪያ የተፈለፈለውን ዋሻ በእጃቸው የቆፈሩት ቻይናውያን ሠራተኞች ናቸው። በ1882 ደግሞ የቻይና ሠራተኛ ወደዚህ አገር እንዳይገባ ሕግ ወጣ። ስደተኛ ሆኖ ይህን የሰማ ዝም ብሎ አያልፈውም።

እናቴ ደሴ ላይ ጠጅ ጥላ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። አስቀማሹን «ጌሾው የታለ?» አለችው። ተረጎምኩለት፤ ያለ ጌሾ በእርሾ ብቻ እንደሚፈላ ቢነግራት ራሷን ነቀነቀች። የቀመሱትን የሚተፉበት ዕቃ እንዳለ ስታይማ «የሰው ድካም ይተፋል እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ስለዚህ ሳልተፋ ቀመስኩ።

የቀመሰ ሰው ደግሞ አይነዳም። በካሊፎርኒያ ሕግ የደም አልኮል 0.08 ከመቶ ከደረሰ ወንጀል ነው፤ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሹፌር ደግሞ እንጀራ ነው የሚሄደው። ልጄ ሃያ አንድ ዓመት ስላልሞላው መቅመስ አይፈቀድለትም። መሪውን ያዘ። እናቴን ከኋላ ስትቀመጥ ያዞራታል። እኔ ከኋላ ሆንኩ፣ አያትና የልጅ ልጅ ከፊት ሆኑ። መጀመሪያ «ሞቀሽ? ቀዘቀዘሽ?» ነበር። ቆይቶ እሷ የኮረብታውን፣ የዛፉን፣ የከብቱን ስም በአማርኛ ትነግረው ጀመር። እኔ የተኛሁ መስዬ አዳምጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በ101 አውራ ጎዳና ወርደን፣ በሳን ፍራንሲስኮና በሎስ አንጀለስ መካከል ባለችው በፓሶ ሮብልስ የወይን አገር አደርን። ያን ቀን አልቀመስኩም፤ ቢሆንም መሪውን አልተቀበልኩትም።

ሎስ አንጀለስ ስንደርስ በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ወደተሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ሄድን። እዚያ ክትፎ እስኪቀርብ ድረስ እናቴ ልጁን ከሱቅ ሰሌዳ ላይ ፊደል አስቆጠረችው።

ለመመለስ በ99 ቁጥር መንገድ መጣን። ዴላኖን አለፍን፤ በ1965 ፊሊፒናውያን ወይን ለቃሚዎች ሥራ ያቆሙባት፣ በእነ ሴሳር ቻቬዝ የተመሩት ሜክሲካውያንም የተከተሏቸው፣ ትግሉም እስከ 1970 የዘለቀባት ከተማ ናት። ፍሬዝኖ ስንቃረብ እናቴ በመስኮቱ እያየች «ስጥ! ስጥ!» ብላ ጮኸች።

ልጄ ደንግጦ ከጎዳናው ወጣና መኪናውን አቆመ። ቦርሳውን ከኪሱ አውጥቶ «እማማ፣ ምን ልስጥ?» አላት።

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በወይኑ ተርታ መካከል፣ በወረቀት ላይ፣ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ወይን ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቃል። የአሜሪካ ዘቢብ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ አካባቢ ነው። የጤፍ ስጥ፣ የበርበሬ ስጥ ምን እንደሆነ፣ እሷም በልጅነቷ ዶሮ እያባረረች ስጥ ትጠብቅ እንደነበር ነገረችው። ልጄ እዚያ ከነበረ ሜክሲካዊ ሠራተኛ ጋር በእስፓኝኛ አወራ፤ ሰውየው አንድ እፍኝ ዘቢብ ሰጠው። እስፓኝኛው ከአማርኛው መሻሉ ልቤን ቆረጠው፤ ቢሆንም ያንን እፍኝ በሁለት እጁ ይዞ አምጥቶ ለአያቱ ሰጠ። እሷም አልበላችውም። «ለቁርባን የሚሆን ነው» ብላ በመሐረቧ ቋጠረችው።

እናቴ ለመስቀል ቤቷ ገባች። ዕድሜዋ ሰባ ስምንት ነው፤ ተመልሳ መምጣቷን እንጃ። ልጄ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውልላታል። አማርኛው አሁንም ይሰባበራል፤ ማፈሩን ግን ትቶታል።

ወገኖቼ፣ ማኅበራችን በአሥር ዓመት ውስጥ የቅዳሜ ትምህርት ከፍቷል፣ የሞተ ቀብሯል፣ ሥራ ያጣ ደግፏል። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በዓመት አንድ ቀን ሽማግሌዎቻችንንና ልጆቻችንን በአንድ አውቶቡስ እናሳፍር፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ልጅ እያልን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ናፓ ውድ ነው፤ አብዛኞቹ የወይን ቤቶችም ቀጠሮ ይፈልጋሉ። የፍሬዝኖን ስጥ ከመንገድ ዳር ማየት ግን በነፃ ነው። ሹፌርነቱን እኔ እችላለሁ።