ሆቴል ወይስ የሰው ቤት? የአጭር ጊዜ የአፓርታማ ኪራይና የመንገደኛው ሒሳብ



ለጉባኤ፣ ለምርምር ወይም ለአጭር ሥልጠና ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ከአውሮፕላን ትኬት ቀጥሎ የሚያሳስበው ማደሪያ ነው። ዛሬ ሁለት በር ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል። አንደኛው ሆቴል ነው፤ ሁለተኛው በኢንተርኔት አገናኝነት ለጥቂት ቀናት የሚከራይ የመኖሪያ አፓርታማ። ብዙዎቻችን ሁለቱን የምናወዳድረው በአንድ ሌሊት ዋጋ ነው። ይህ ንጽጽር ጎደሎ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሆቴልና አፓርታማ በሁለት ዋጋ የቀረበ አንድ ዕቃ አይደሉም፤ ሁለት የተለያዩ ውሎች ናቸው። አፓርታማው ሲረክስም ልዩነቱን የሚከፍል አለ፤ ከፊሉን እንግዳው በጉልበቱ፣ ከፊሉን ዋስትናውን በመተው፣ ከፊሉን ደግሞ በዚያው ከተማ ቤት ፈልጎ ያጣ ነዋሪ ይከፍለዋል።

አስቀድሜ ለአፓርታማው የሚገባውን ልስጠው። ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ትንሽ ነገር አይደለም። በዐቢይ ጾም አውሮፓ የከረመ ጿሚ የሆቴል ቁርስ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ዕንቁላል፣ አይብ፣ ቅቤ የገባበት ዳቦ፤ ያውም ጿሚው ጾሙን ከመፍታቱ በፊት ገበታው ይነሣል። በራሱ ሰዓት ሽሮውን ማንተክተክ የሚችል ሰው ግን ከቤቱ ብዙም አልራቀም። ልጆች ይዞ ለሚጓዝ፣ ወይም ወር ሙሉ በቤተ መዛግብት ለሚሠራ ተመራማሪም ሒሳቡ ወደ አፓርታማው ያደላል። በሌላ በኩል የጽዳት ክፍያ የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ በሌሊት ሳይሆን በአንድ ቆይታ ነው። ሠላሳ ሌሊት ላይ ሲከፋፈል አይታወቅም፤ ሁለት ሌሊት ላይ ሲያርፍ ግን ርካሽ የመሰለውን ቤት ከሆቴል ሊያስወድደው ይችላል። ቆሻሻ መለየቱ፣ ሳሕን ማጠቡና ቁልፍ ማስረከቡም የእንግዳው ሥራ ነው።

ነገሩ የተጀመረበትን ሁኔታ ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2007 በሳን ፍራንሲስኮ የዲዛይን ባለሙያዎች ጉባኤ ሲደረግ ሆቴሎቹ ሞልተው ነበር። ብራያን ቼስኪና ጆ ጌቢያ የተባሉ ሁለት ወጣቶች የቤት ኪራያቸውን ለመክፈል ሲሉ በሚኖሩበት ቤት ወለል ላይ በአየር የሚነፉ ፍራሾች ዘርግተው ሦስት እንግዶች አሳደሩ። ኤርቢኤንቢ በቀጣዩ ዓመት የተመሠረተው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አስተናጋጆቹ እዚያው ቤት ውስጥ መኖራቸውን ነው። በአገራችን «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» የሚል መንገደኛ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይገባ የነበረውም ሰው ወደሚኖርበት ጎጆ ነው። አንዱ በገንዘብ፣ ሌላው በነፃ መሆኑ ትልቅ ልዩነት ቢሆንም፣ በሁለቱም ዘንድ እንግዳውን የሚያይ ዓይን አለ። ዛሬ ለኪራይ ከሚቀርቡት ብዙዎቹ ግን ማንም የማይኖርባቸው ሙሉ ቤቶች ናቸው፤ ቁልፉም በር አጠገብ በተሰቀለ፣ በምሥጢር ቁጥር በሚከፈት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ የምታስፈጽመው ሕግ ነገሩን ወደ መነሻው ለመመለስ የሚሞክር ይመስለኛል፤ ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ የሚያከራይ ሰው በከተማው አስተዳደር መመዝገብ፣ እንግዳው ባለበት ጊዜ ራሱም በቤቱ መገኘትና ከሁለት እንግዶች በላይ አለመቀበል አለበት።

ስለ ዋስትና ሲነሣ ሕጉን ማየት ግድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሆቴልን ውል ከቤት ኪራይ ለይቶ ይመለከተዋል፤ እንግዳው ይዞት የገባው ዕቃ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ባለሆቴሉ የሚጠየቅበትን ሁኔታም ይደነግጋል። በእንግሊዝ የልማድ ሕግ ደግሞ ማደሪያ ቤት ከፍቶ ሕዝብን የጠራ ሰው፣ ክፍል እያለው ያለ በቂ ምክንያት መንገደኛን መመለስ አይችልም። ይህ ግዴታ የቆየ ነው፤ መንገደኛ ማታ ላይ፣ በማያውቀው አገር፣ የመደራደር ዐቅም እንደሌለው ሕግ አውጪዎች ያውቁ ነበር። የአፓርታማው ባለቤት ግን እንግዳውን የመምረጥ ሰፊ ዕድል አለው።

ይህ ለእኛ ባዶ የሕግ ክርክር አይደለም። ቤንጃሚን ኤደልማን፣ ማይክል ሉካና ዳን ስቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት የመስክ ሙከራ፣ በአምስት የአሜሪካ ከተሞች በኤርቢኤንቢ ለኪራይ ወደቀረቡ 6,400 ያህል ቤቶች ጥያቄ ልከው ነበር። የሚለያየው የጠያቂው ስም ብቻ ነበር። የጥቁር አሜሪካውያን መሆኑ የሚታወቅ ስም የያዙት ጥያቄዎች፣ የነጮች ስም ከያዙት ይልቅ የመቀበል ዕድላቸው በ16 ከመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ አሠራሩን አሻሽሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግዳውን ፎቶግራፍ አስተናጋጁ ጥያቄውን ከተቀበለ በኋላ ብቻ እንዲያይ ማድረጉን አስታውቋል። ሙከራው ስለ ኢትዮጵያውያን ስሞች አልመረመረም፤ ቢሆንም ስማችን ከፎቶግራፋችን ያነሰ ይናገራል ብዬ አላስብም። የባለቤቱን ይሁንታ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ የሚያዙ ቤቶችን መምረጥ ይህን በር በከፊል ይዘጋል።

ሦስተኛው ከፋይ፣ ነዋሪው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክር ነው። አንድ አፓርታማ ለነዋሪ በወር 1,200 ዩሮ ይከራያል እንበል። ይኸው ቤት ለጎብኚ በሌሊት 120 ዩሮ ከተከራየ፣ አሥር ሌሊት ብቻ ቢያዝ የወሩን ገቢ ይሞላል። ከዚያ በላይ የሚያዘው ሌሊት ሁሉ የጽዳትና የአስተዳደር ወጪው ተቀንሶ ትርፍ ነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ሒሳቡ ራሱ ይገፋዋል።

የባርሴሎና ከንቲባ ዣውሜ ኮልቦኒ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ከተማቸው ለጎብኚዎች የሚከራዩ 10,101 አፓርታማዎችን ፈቃድ እንደማታድስና እስከ ኖቬምበር 2028 ሁሉም እንደሚቀሩ ሲያስታውቁ ያቀረቡት ምክንያት ኪራይ በአሥር ዓመት ውስጥ 68 ከመቶ መጨመሩን ነበር። ሚኬል አንጄል ጋርሲያ ሎፔዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለዚያችው ከተማ ያሳተሙት ጥናት ግን ጠንቃቃ ነው። በአማካይ ሰፈር የአጭር ጊዜ ኪራይ የነዋሪውን ኪራይ የጨመረው 1.9 ከመቶ ነው፤ እንቅስቃሴው እጅግ በበዛባቸው ሰፈሮች ደግሞ 7 ከመቶ፤ በእነዚሁ ሰፈሮች የቤት መሸጫ ዋጋ 17 ከመቶ ጨምሯል። የከንቲባውና የጥናቱ ቁጥሮች የሚሸፍኑት ዘመን አንድ አይደለም፤ የሚለኩትም የተለያየ ነው፤ አንዱን ከሌላው መቀነስ ስሕተት ይሆናል። ያም ሆኖ የጎብኚው አፓርታማ ብቻውን የከተማዋን ኪራይ አስወደደ ለማለት አይቻልም፤ ጉዳት የለውም ለማለትም አይቻልም። ጉዳቱ ጎብኚዎች በሚወዷቸው ጥቂት ጎዳናዎች ላይ ተከማችቷል። ሁሉንም ፈቃድ በአንድ ቀን ማስቀረት መፍትሔ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ በሰፈር ከፍሎ መገደብ የተሻለ ይመስለኛል። የከተማዋን የመወሰን መብት ግን አልጠራጠርም፤ የስፔን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ለእርምጃው መሠረት የሆነውን የካታሎኒያ ድንጋጌ አጽንቶታል።

ተጓዡ ምን ያድርግ ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ቆይታው ከሦስትና ከአራት ሌሊት ካልበለጠ ሆቴል ይያዝ። ከዚያ ከበለጠና አፓርታማ ከመረጠ፣ በማስታወቂያው ላይ የምዝገባ ቁጥር ይፈልግ፤ ፓሪስም ባርሴሎናም አምስተርዳምም ይህን ይጠይቃሉ። ቁጥር የሌለው ቤት በባለሥልጣን ቢታገድ ሜዳ ላይ የሚቀረው እንግዳው ነው። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ከተገኘ ደግሞ ከነዋሪ የተወሰደ ቤት የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የእኛ ብቻ ችግር ነው ለማለት ይቃጣኛል። የሸንገን ቪዛ አመልካች የማደሪያ ማስረጃ ያቀርባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት ተራዝሟል። ስለዚህ ማደሪያው የሚያዘው መሄዳችን ሳይታወቅ፣ ገና ከሩቁ ነው። ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ ይመለሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ከአልጋው ስፋት ይቀድማል። ብዙ ሆቴሎች እስከ ዋዜማው ድረስ በነፃ የሚሰረዝ ክፍል ያቀርባሉ፤ የአፓርታማ ባለቤት የሚከተለው የስረዛ ደንብ ግን ከቤት ቤት ይለያያል፤ ከመክፈል በፊት መነበብ አለበት።

የባርሴሎና ባለቤቶች ከኖቬምበር 2028 በኋላ ቤታቸውን ለነዋሪ ያከራዩ ይሆን፣ ይሸጡት ይሆን፣ ወይስ በድብቅ ለጎብኚ ማከራየቱን ይቀጥሉ ይሆን? ከተማ ፕላንና ኢኮኖሚክስ የምታጠኑ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርዕስ የምትፈልጉ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የማውቀው የለም። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።